ጌጆቹን ይዞ በሩን የዘጋው ሰውዬ

ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ... ሐርጌሳ፣ ሼክ ኑር ሰፈር ያለ አንድ የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ የአንድ መካኒክ እጅ ላይ አፍጥጫለሁ። ዓይኔን ከእጁ ላይ ካነሳሁ እንጀራዬም አብሮ የሚነሳ ነው የመሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሕሙድ ሃይቤ የሚባል ሰፈር ለሚኖሩ አንድ ሐጂ ሾፌር ነኝ። ሐጂ ከዱባይ ያስመጡት ሁለት በር፣ ቀይ፣ የድሮ ስፖርት መኪና አላቸው። ልጆቻቸውን ሲቆጡ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በዚያ መኪና ላይ ግን ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።

ሰሞኑን ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ጌጆች አበዱ። የፍጥነቱ ቀስት ተኝቶ ቀረ። የነዳጁ ደግሞ ታንከሩ ባዶ ሆኖም ሙሉ ነው ይላል። ሐጂ ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ በምንግባባበት አረብኛ፣ «የዚህ መኪና ጌጅ ዛሬ በገንዘብም አይገኝ። አንድ ነገር ተቀይሮ ባገኝ ከአንተ ራስ አልወርድም!» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ስፖኪዮ ላይ ታርጋ ቁጥር በሚያስቀርጽ ሕዝብ መሃል። እኛ መኪና ጋራዥ አስገብተን «በሉ ደህና ዋሉ» ብለን አንሄድም። መካኒኩ አጠገብ ተገትረን ነው የምንውለው፣ ደህናውን ዕቃ በአሮጌ ቀይሮ እንዳይሸኘን።

መካኒኩ ጢሙን ሂና የተቀባ፣ ወሬ የማይወድ ትልቅ ሰው ነው። መኪናውን ዞሮ አየና መጀመሪያ የጠየቀኝ የባለቤቱን ስልክ ቁጥር ነው። ጌጅ ለመፍታት ስልክ ምን ያደርግለታል? ሰጠሁት እንጂ ሆዴ አልወደደውም።

ባትሪውን ነቀለ። ከመሪው ጀርባ ያለውን ሽፋን ፈትቶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ካርቶን ላይ ሰካቸው። ከዚያ ዳሽቦርዱ ውስጥ እጁን አስገብቶ የፍጥነቱን ገመድ አላቀቀና ጌጆቹን አውጥቶ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። ካቻቪቴ ሊያመጣ ዞር ሲል በምስማር የፍጥነቱ ጀርባ ላይ «ሰ» ብዬ ጫርኩ። ሰዒድ ነው ስሜ። ይቀይራትና እንተያያለን!

ከዚያ ጓደኛዬ ደወለልኝ፣ የበርበራ መስመር ሾፌር ነው። እዚያው ሰውዬው ፊት፣ በአማርኛ፣ የሆዴን ዘረገፍኩለት።

«ሰውዬው አላማረኝም። ዓይኑ ራሱ የሌባ ዓይን ነው!»

«ቀስ በል እንጂ፣ ይሰማሃል» አለኝ።

«የት አውቆት! አንድ ቃል አማርኛ አይሰማም። እኔ የፈራሁት ሐጂን ነው... አንዲት ነገር ከተቀየረች ያባርሩኛል። ቤት ለእናቴ ምን እልካለሁ?»

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ የነዳጁን ጌጅ አንስቶ ጀርባውን አገላብጦ ሲያየው ቆየና... በስልኩ ፎቶ አነሳው። ለገዢ ሊልክ ነው አልኩ በልቤ። ጌጆቹን በሙሉ በጨርቁ ጠቅልሎ ከኋላ ያለች ክፍል ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው!

ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ። በስልክ እያወራ ነው። የኔ ሶማልኛ የዋሄን ገበያ ሶማልኛ ነው፣ ቲማቲም ከመግዛት አያልፍም። ግን «ሾፌር» እና «ኢትዮጵያዊ» የሚሉትን ለይቼ ሰማሁ። ደጋግሞ ነው የሚላቸው። በሩን ደበደብኩ። «ሱግ!» አለኝ፣ ቆይ ማለቱ ነው።

እዚያው እንደቆምኩ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው።

«የነዳጁ ጌጅ የመኪናዬ አይደለም» አሉኝ።

«ወላሂ ሐጂ፣ እኔ አጠገቡ ነው የቆምኩት፣ አንድም ነገር...»

«ዝም ብለህ ስማኝ! መካኒኩ ፎቶውን ልኮልኛል። ከሌላ መኪና ተነቅሎ የገባ ነው። ጀርባው ዝጓል፣ ሶኬቱ በድሮ ፕላስተር ተጠቅልሏል። እኔ ሳልገዛው በፊት ነው የሸወዱኝ። ሾፌርህ ምንም አያውቅም፣ ልጁን እንዳትጠረጥረው ብሎኛል። በል፣ ያለውን ይጠግንልን።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮዬ አላነሳሁትም። በሩ ተከፈተ።

«በሩን የዘጋሁት ለአቧራው ነው» አለኝ መካኒኩ። በአማርኛ! ያውም ከኔ በጠራ አማርኛ። «መስታወቱ ተከፍቶ አቧራ ከገባበት ቀስቱ ይይዛል። ያቺን የጫርካትን ‹ሰ› ደግሞ አልነካኋትም።»

«አማርኛ... ይሰማሉ?»

«ጅጅጋ ነው የተማርኩት። የዚህ አገር ሰው ግማሹ እኮ እናንተ ጋ በስደት አድጓል። እናንተ ግን ሰው ፊት ቆማችሁ እንደ ልባችሁ ታሙታላችሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ታዲያ ያን ሁሉ እየሰሙ ለምን ዝም አሉ?»

«ብናገር ኖሮ ስለ ሐጂ የምትፈራውን ለጓደኛህ ነግረህ አትጨርስም ነበር። እኔም ጌጁን ጠግኜ እሸኝህ ነበር። ጌጁ የሌላ መኪና መሆኑን ነገ ሐጂ ራሳቸው ቢደርሱበት ማንን ይይዛሉ?»

አፈርኩ። እኔ እጁን ስጠብቅ፣ እሱ እንጀራዬን ሲጠብቅልኝ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ጎንበስ ብዬ «አውፍ ይበሉኝ» አልኩት።

«አውፍ ብያለሁ። ግን አሁኑኑ ለዚያ ጓደኛህ ደውልለትና ስለ ዓይኔ ያልከው ስህተት ነበር በለው» አለኝ፣ ፊቱ ምንም ሳይስቅ። «እኔም ልስማው።»

ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ... ጓደኛዬ ሰላምታም አላስቀደመ፤ «እህ፣ ያ ሌባህ ቀየረው?»