ለሚካኤል የተሳለው ብርሃን

አቶ ኃይለኪሮስ ቦሌ ሚካኤል አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ጎረቤታችን ነበሩ። ሁለቱም ዐይናቸው ሞራ ለብሶ፣ አምፖሉን በጣታቸው እየዳበሱ የሸጡበት ዘመን ነበር። ያኔ ነው፣ "ዐይኔን ብትመልስልኝ በዓልህን ማንም ባላየው ብርሃን አደምቀዋለሁ" ብለው ለሚካኤል የተሳሉት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በ1990 ዓ.ም. መግቢያ ቀዶ ሕክምናው ሰመረላቸው። ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት የሱቁን አቧራ ነው፤ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሣባን ለመቆጣት አልዘገዩም።

ለኅዳር ሚካኤል ዱባይ ከሚነግድ ዘመዳቸው ሌዘር የሚባል መብራት አስመጡ። ሻንጣ የሚያህል ሣጥን ነው። የሚወጣው አረንጓዴ ጨረር እንደ ክር ቀጥኖ ሰማይ ድረስ ይሄዳል። በዋዜማው ከጉልላቱ በላይ ሊለቁት አሰቡ።

በዓሉ ሲቃረብ፣ ጀንበር እንደጠለቀች ደጃፋቸው ላይ ሊሞክሩት ሲሰናዱ ሙራድ ደረሰ። ሙራድ አብራሪዎችን ወደ አየር ማረፊያው የሚያመላልስ ሹፌር ነው።

"ጋሼ፣ ወዴት ሊያበሩት ነው?"

"ወደ ላይ ነዋ። ሚካኤል ታች ነው እንዴ ያለው?"

"ሚካኤልስ የራሱ ክንፍ አለው። በዚህ ሰማይ ሊያርፉ የሚመጡት ግን ሰዎች ናቸው።"

"ይቺ ክር አውሮፕላን ልትጥል?"

"እዚህ ነው ክር የምትመስለው። ውጭ አገር የደረሰበት አንድ ካፒቴን ሲያወራ ሰምቻለሁ። እላይ ስትደርስ ትሰፋለች፤ የአውሮፕላኑን የፊት መስተዋት ሞልታው የማረፊያው መብራት ጠፋበት። ያሳረፈው ረዳቱ ነው።"

"አንተ ደግሞ በዓላችንን ልታጨልም መጣህ።"

"ጠላችሁን አልጠጣ እንጂ ዳቦውን መች ቀርቼበት አውቃለሁ? ይልቅ ይንገሩኝ፣ ሞራው እያለ ማታ መኪና ሲመጣብዎት እንዴት ነበር?"

አቶ ኃይለኪሮስ ያ ጊዜ ትዝ አላቸው። ያኔ የመኪና መብራት ሲያገኛቸው ሁሉ ነገር ነጭ ይሆንና መንገዱም ሰዉም ይጠፋባቸው ነበር። ወይዘሮ ሣባ ክንዳቸውን ጨብጠው፣ መኪናው እስኪያልፍ ያቆሟቸዋል። አውሮፕላን ግን እየወረደ ሳለ ቆሞ አይጠብቅም። እንዲህ ሲያስቡ አንዱ ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ። መስኮቶቹ ሳይቀሩ ይታዩ ነበር። ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ነቀሉት።

አሁን የከበዳቸው ስለቱ ነው። ተስሎ ማስቀረት ያስፈራል፤ ዐይናቸውን መልሶ የሚወስድባቸው መሰላቸው። የንስሐ አባታቸው አባ አረጋዊ ሰሙና፣ "ልጄ፣ መልአኩ የሰው ጠባቂ ነው። ሰው የሚጎዳ ስለት አይቀበልህም፤ ሌላ ፈልግ" አሏቸው።

ፈልገው አገኙ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወደ አስፋልቱ የሚወርደው ድንጋያማ መንገድ ጨለማ ነበር። በዋዜማው ዳርና ዳሩን አምፖል ሰቀሉበት።

"ማንም ያላየው ብርሃን ብዬ ነበር" ይላሉ፣ መሰላሉ ላይ ሆነው። "ይሄ የሱቄ አምፖል ነው።"

"አሁን ይውረዱና መሰላሉን ያንሱ" አሉ ወይዘሮ ሣባ። "አሮጊቶቹ መንገድ አጡ።"