ሸቤ ወንዝ ላይ የደፋሁት በርሜል

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳን ተናግሬው አላውቅም። ምን ብዬ ልናገር? «አባቴ፣ ወንዝ ውስጥ አሳ ለቀቅኩ» ብላቸው ይስቁብኛል እንጂ ንስሐ አይሰጡኝም።

ለቀቅኩ ግን። የአሳ ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በእጄ ያራባኋቸውን የቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት አሳ፣ ጫጩቶች በበርሜል ጭኜ ሸቤ አካባቢ ላለ የገበሬ ኩሬ ላደርስ ወጣሁ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ቀረ። ጫጩቶቹ ከውሃው በላይ አፋቸውን እየከፈቱ ማለቅ ጀመሩ። ወንዙ ደግሞ እዚያው ከመንገዱ ሥር ነበር። የኩሬ አሳ ወንዝ እንዳይገባ፣ ከተዳቀለ የወንዙን ዘር ያበላሻል እያልኩ ሰው የማስተምረው እኔ ነኝ። እያወቅኩ ደፋሁት። አሳዝነውኝ ነው ልበል? ለወንዙ አሳ ማን አዘነለት? ቢሮ ተመልሼም «መንገድ ላይ አለቁ» አልኩ።

በርሜሉን አብረውኝ ያዘነበሉት ከዚያ ወንዝ አጥምደው የሚያድሩት ሽማግሌ፣ አባ ዲጋ ነበሩ። «ነፍስ ናቸው ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ልቀቃቸው፤ ከአላህ ዘንድ ሰዋብ ታገኝበታለህ» አሉኝ። እሳቸው አያውቁም። እኔስ?

መጀመሪያ ትልልቅ አሳ ያወጡ ጀመር። «በረካ አመጣህልን» እያሉ ለእኔም ይልኩልኝ ነበር። እበላ ነበር።

የወንዙ ቆሮሶ ጥቁርና ትንሽ ነው፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ድንጋይ ሥር ገብቶ ያልፋል። የተዳቀለው ይህን አያውቅበትም፣ ደራሽ ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳል። በየክረምቱ አሳው ተመናመነ። ቅዳሜ ቅዳሜ መረብ ይዤ ወረድኩ፤ አንድ ንፁህ ጥቁር ባገኝ ብዬ። የያዝኩት ሁሉ የእኔን በርሜል ይመስላል። ቢለቀም አንድ በአንድ እለቅመው ነበር፤ አንዴ የተቀላቀለ ዘር ግን በምን ይለቀማል? ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ባለፈው መስከረም አባ ዲጋ ቤቴ ድረስ መጡ። «ወንዙ ባዶ ሆነ» አሉኝ። «የእኔው ወንጀል ነው መሰለኝ። ጁምዓ ሰላት ትቼ ያጠመድኩበት ቀን አለ። አላህ ያንን ቆጥሮብኝ ይሆናል።»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«የዝናቡ ነገር ነው፣ አባ ዲጋ፤ እርስዎ ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

ሻያቸውን ጨርሰው ሲነሱ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እንግዲያው ያንን በርሜል ደግመህ አምጣልኝ» አሉኝ።

«እሺ» አልኳቸው።

አንተ የምታነበው፣ ይቅር አትበለኝ፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። የበደልኳቸው ሰው በርሜሉን እየጠበቁኝ ነው።