ለአገር ውስጥ ፍጆታ የዋለው መልእክት

ኤልቤቴል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ እስኪሰጣት ድረስ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ልታረጅ ምንም አልቀራትም ነበር። በምታስተምርበት የዲላ ትምህርት ቤት ትልቁ ክፍል ለትልቅ ሰው ነው የሚሰጠው፤ ትልቅ ሰው ማለት ደግሞ ቦርጩ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ ወንድ ነው። ያ ሰው ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ሌላ ባለቦርጭ ስለጠፋ ክፍሉ እሷ እጅ ላይ ወደቀ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ወልደዮሐንስ ግን እስከ ሞዴል ፈተና ድረስ በሙከራ ነሽ አሏት። ሰውን በሙከራ ማቆየት ከምሳ ይልቅ የሚጥማቸው ሰው ናቸው።

ኤልቤቴል ዲላ አጠገብ ያለችው የጪጩ መንደር ልጅ ናት። ክረምትም በጋም ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስትሠራ ነው ያደገችው፤ ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ያለ ቡና ማስረዳት አትችልም። ልብን የጣቢያው ፓምፕ ታደርገዋለች፤ ኩላሊትን የማጠቢያው ገንዳ። ይህ ልማዷ ማንንም ሳይጎዳ ኖሮ ኖሮ ኤምአርኤንኤ የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ጉድ አፈላ።

ምዕራፉ የሚለው ይህን ነው። ዲኤንኤ ከሕዋሱ ኒውክሊየስ አይወጣም፤ ፕሮቲን የሚሠራው ደግሞ ከኒውክሊየሱ ውጭ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ከዲኤንኤው ይገለበጥና ኤምአርኤንኤ የሚባል መልእክት ሆኖ ይላካል። ግልባጩ ግን እንደወረደ አይላክም። መሀል መሀሉ ላይ ለፕሮቲኑ የማይፈይዱ ኢንትሮን የሚባሉ ቁራጮች ተሰግስገውበታል፤ እነሱ ተቆርጠው ይወጡና የቀረው ይገጣጠማል። ከፊቱ ቆብ ይደፋለታል፤ ከኋላው ጭራ ይቀጠልለታል። ይህን ሁሉ አልፎም ስህተት ከተገኘበት ፕሮቲን አይሠራበትም።

ኤልቤቴል ኢንትሮንን የእሸት ቡና ቀይ ልጣጭ አደረገችው። የስህተት ቁጥጥሩን ደግሞ ማድረቂያ አልጋ ላይ በተሰጣ ቡና ዙሪያ ቆመው የጠቆረውንና የተበሳውን የሚለቅሙ ሴቶች። ኤክስፖርት የሚሆነው ብቻ ያልፋል አለቻቸው። ክፍሉ እንደዚያ ቀን ገብቶት አያውቅም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተኛው፣ ከወርቃ የመጣው ልጅ ነብዩ እንኳ ነቅቶ ጻፈ።

ሞዴል ፈተናው መጣ። ስህተት ያለበት ኤምአርኤንኤ መጨረሻው ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ነበረው። ክፍሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ድምፅ «ለአገር ውስጥ ፍጆታ ይውላል» ብሎ መለሰ። ማንም ከማንም አልኮረጀም፤ ተለቅሞ የተጣለ ቡና እዚሁ አገር ገበያ እንደሚገባ የማያውቅ ልጅ በጌዴኦ ምድር አይገኝም። ነብዩማ አብራርቶታል፦ ጥሩው ወደ ጃፓን ይላካል፣ መጥፎውን ሕዋሱ ራሱ ይጠጣዋል።

ፈተናውን ያረሙት አቶ ወልደዮሐንስ ነበሩ። ለሁሉም ዜሮ ሰጡና ኤልቤቴልን አስጠርተው የነብዩን መልስ ፍርድ እንደሚያሰማ ዳኛ አነበቡላት። ከዚያ አንድ ክፍለ ጊዜ ፈቀዱላት፤ እሳቸው ከኋላ ይቀመጣሉ፣ እሷ ቡናውን ከሕዋሱ ታስወጣለች። ካልወጣ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ትመለሳለች።

በማግስቱ ገና ቡናውን እርሱት ከማለቷ የባለሱቁ የኸይረዲን ልጅ ሚስራ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቡናው ከወጣ ምዕራፉ ላይ ምን ይቀራል?»

ክፍሉ ሳቀ። አቶ ወልደዮሐንስ አልሳቁም።

ኤልቤቴል ለቃሚዋ የጠቆረውን ቡና በዓይኗ ታየዋለች፣ ሕዋስ ግን ዓይን የለውም፣ ታዲያ በምን ያውቃል ብላ ጠየቀች። ለራሷም ከመጽሐፉ ቃል ውጭ ምንም አልመጣላት አለ። ያኔ ከመንገዱ ላይ አንድ ወያላ «ይርጋጨፌ፣ ይርጋጨፌ» እያለ ሲጮህ ተሰማ። ጠመኔዋን አነሳች።

ከዲላ ይርጋጨፌ የሚሄድ ሚኒባስ ሣለች። ኢንትሮን ተቆርጦ ሲወጣ በየመጋጠሚያው አንድ ምልክት ይቀራል፤ ያ ምልክት ተሳፋሪው ነው አለች። ራይቦሶም፣ መልእክቱን እያነበበ ፕሮቲን የሚሠራው፣ ሹፌሩ ነው። በመጀመሪያው ጉዞው እግረ መንገዱን ምልክቶቹን አንድ በአንድ ያወርዳል። መልእክቱ ማብቂያ ላይ ያለው እውነተኛው «ቁም» የሚል ትእዛዝ ሲደርስ መኪናው ባዶ መሆን አለበት።

«አሁን ሹፌሩ መንገድ መሀል ወናጎ ላይ ቆሞ መጨረሻ ነው፣ ውረዱ ቢልስ? የይርጋጨፌ ሰው ገና ወንበሩ ላይ አለ።»

«ዋሽቷል» አለ ነብዩ።

«ዋሽቷል። ስህተት ያለበት መልእክትም ያለቦታው ‹ቁም› ይላል፤ ሕዋሱም የሚያውቀው በዚሁ ነው፤ ያልወረደ ምልክት አለ። ስለዚህ መልእክቱ ይቆራረጣል፣ ፊደል ፊደል ሆኖ ይበተናል፤ ፊደሎቹ ለሌላ መልእክት ይሆናሉ።»

«መኪናው ተፈትቶ ለመለዋወጫ ማለት ነው?» አለ ነብዩ።

«እንደዚያ በለው።»

«ታዲያ ቲቸር፣ ያው አገር ውስጥ ነዋ የቀረው።»

ኤልቤቴል አፍህን ዝጋ ብትለው ክፍሉ በእጇ ይቀራል። ችግሩ ልጁ ያለው ውሸት አለመሆኑ ነው። ከኋላ ወንበር የአቶ ወልደዮሐንስ መነጽር ያበራል።

«ቀርቷል» አለች። «ግን ማንም አይጠጣውም፤ ይፈታና ይሠራበታል። ግማሽ ነጥብ ይገባሃል። ለሁላችሁም።»

አቶ ወልደዮሐንስ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወደ ሰሌዳው መጥተው ሚኒባሱን አተኩረው አዩት።

«ባለፈው ሳምንት ለቀብር ይርጋጨፌ ስሄድ ወናጎ ላይ ጥለውኛል» አሉ። «ሬሳው አፈር ከገባ በኋላ ነው የደረስኩት። እንግዲህ እዚህ ውስጥ እኔ የቱ ነኝ?»

«ምልክቱ ነዎት። ስህተቱ የታወቀው በእርስዎ ነው።»

ሰውየው ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ ያለ ሹመት አልሰጣቸውም። ወደ በሩ ሄዱና መለስ አሉ።

«ክፍሉ ያንቺ ነው። ግማሽ ነጥብ ግን በዛ፤ ሩብ ይበቃቸዋል።»

«ግማሽ ነው» አለች ኤልቤቴል፤ ጠመኔዋን እንደያዘች ተከትላቸው ወጣች። ሚስራና ነብዩ በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው ሁለቱ በኮሪደሩ ሲከራከሩ ደወል እስኪደወል ድረስ አዩ።