ሚስማሩ ላይ የቀረው ካፖርት

ለአራት ወር ጫካ የሚገባ ሰው ጂንስ ሱሪ አይዝም። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ባልደረቦቼ ይህን ለመማር አንድ ክረምት ሙሉ ይፈጅባቸዋል። ጂንስ በሰኔ ከራሰ ሳምንት አይደርቅም፤ ደረቀ ሲባል ደግሞ ሻግቶ ነው። ቶሎ የሚደርቅ ስስ ሱሪ፣ እጅጌው ረዘም ያለ ሸሚዝ፣ ሁለት ሹራብ፣ ብዙ ካልሲና እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ ይበቃል። ልብሱ በፌስታል፣ ፌስታሉ በላስቲክ ይጠቀለላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሻንጣ ውስጥ የሚገባው። ሥራዬ የዛፍ ውፍረትና የዝናብ መጠን መለካት ስለሆነ ሻንጣዬንም በዝርዝር ነው የማዘጋጀው፤ ወረቀት ላይ እጽፍና የገባውን በእስክሪብቶ እየሰረዝኩ እሄዳለሁ። በዚያን ጊዜ የማምነው የሚለካ ነገር ብቻ ነበር።

እናቴ ዝርዝሬን ባየች ቁጥር ትስቃለች። "ጫካ ነው ወይስ ሚዜነት የምትሄጂው?" ትለኝና የራሷን ሁለት ነገር ትጨምራለች። አንደኛው ከምድጃችን የተዛቀ አመድ ነው፤ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ጠቅጥቃ ትሰጠኛለች። የከፋ አገር ጫካ ጉንዳን ሲነሳ እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣው፤ መኝታሽን ዙሪያውን አመድ ከነሰነስሽበት ግን አይሻገርም። አመዱ የገዛ ቤትሽ አመድ መሆን አለበት ትላለች። ጉንዳኑ የማን ምድጃ እንደሆነ በምን ያውቃል ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ "እሱ ምን ያውቃል፣ አመዱ ነው እንጂ የሚያውቀው" አለችኝ። ቆርቆሮውን ተቀብዬ ዝርዝሬ ላይ ጻፍኩት።

ሁለተኛው የሚያዝ ሳይሆን የሚተው ነገር ነው። በእኛ ቤት ደንብ፣ ሌላ ቤት ይኑር አይኑር አላውቅም፣ ጫካ ሄዶ የሚሰነብት ሰው ከለበሰው ልብስ አንዱን ሳይታጠብ በር አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። ልብሱ የሰውየውን ጠረን እንደያዘ ይጠብቀዋል። ባለቤቱ ሲመለስ በገዛ እጁ ያወርደዋል፤ የሚታጠበውም በዚያው ቀን ነው። እሱ እስኪመጣ ማንም አይነካውም።

ቦንጋ ባለው ቤታችን፣ በዚያ ሚስማር ላይ፣ የአባቴ ካፖርት ዘጠኝ ዓመት ተሰቅሎ ኖሯል።

አባቴ ንብ አናቢ ነበር። ቀፎዎቹን የሚሰቅለው ከማንኪራ መንደር በላይ ባሉት ረጃጅም ዛፎች ላይ ነው። አንድ ሚያዝያ ማር ሊቆርጥ ወጣ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለነበር ወፍራሙን ካኪ ካፖርቱን ለሚስማሩ ትቶ በሸሚዝ ሄደ። በዚያው ቀረ። የማንኪራ ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈለገው፤ ዛፍ የሚወጣበት ገመዱ አንድ ዋንዛ ሥር በደንብ ተጠቅልሎ ከመገኘቱ በቀር ምንም የተገኘ ነገር የለም። ሬሳ ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጥንም። እናቴም ጥቁር አልለበሰችም። ዘመድ ሲመክራት፣ የንስሐ አባቷ ሲመክሯት፣ እኔም ስቆጣት መልሷ አንድ ነበር፦ "ካፖርቱ መች ታጠበ?" ገበያ ኮረሪማ ስትሸጥ ውላ ስትመለስ በሩን ከመክፈቷ በፊት ቆም ትልና ውስጥ ሰው እንዳለ ታዳምጣለች። ያን መቆሟን እጠላው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ በገዛ ቤቷ ደጃፍ እንደቆመች አርጅታ እንዳትሞት።

ስለ ካፖርቱ ሌላም ነገር አለ። ክረምት ሲገባ አንዳንድ ቀን ጠዋት ርሶ ይገኛል። ጣሪያችን አያፈስም፤ መሰላል ላይ ወጥቼ ቆርቆሮውን አይቻለሁ፣ ግድግዳውንም ዳብሻለሁ። ካፖርቱ ግን ከትከሻው ጀምሮ ይረጥብና ከእጅጌው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። የከፋ አገር ጭጋግ ነው፣ ወፍራም ጨርቅ እርጥበት ይስባል እያልኩ ለእናቴ አስረዳት ነበር። አጠገቡ የተሰቀለው ነጠላዋ ለምን እንደማይረጥብ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። እሷ ክርክር ውስጥ አትገባም፤ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን ታስቀምጥለትና ወደ ገበያዋ ትሄዳለች።

ባለፈው ሰኔ ከማንኪራ በላይ ለአራት ወር ተመደብኩ፤ የአባቴ ቀፎዎች በነበሩበት በኩል። የምሄድ ዕለት ጠዋት ሻንጣዬ ተሞልቶ፣ ዝርዝሩ ተሰርዞ አልቆ ባጃጅ እየጠበቅኩ ነበር። እናቴ ጓሮ ወጣች። ያኔ ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረድኩና ሻንጣው ሥር ከተትኩት፤ በቦታው ለብሼው ያደርኩትን ሰማያዊ ሹራቤን ሰቀልኩ። ብርድ ፈርቼ ነው ብል ውሸት ነው፤ የዝናብ ልብስ ነበረኝ። ካፖርቱን ጫካ ውስጥ ልጥለው ነበር ያሰብኩት። ስትጠይቀኝ አላየሁም እላለሁ፣ ሌባ ወሰደው ይባላል፣ እሷም ደጃፍ መቆሟን ትተዋለች። ለእናቴ ብዬ ነው። ዝርዝሬ ላይ ግን አልጻፍኩትም።

የባጃጁ ሾፌር ሻንጣውን ሊያነሳ ሞክሮ መልሶ አስቀመጠው። "እህቴ፣ ሰው ነው እንዴ የያዝሽበት?" ብሎ ቀለደ። ለሁለት አንስተን ጫንነው።

ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የሰፈርንበት ቤት ከጫካው ጠርዝ ላይ ያለች የቆርቆሮ ክዳን ጎጆ ናት። ዝናቡ እንደገባን ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ቀበቶዬ አረንጓዴ ሻጋታ አበቀለ፤ በሦስተኛው የማስታወሻ ደብተሬ ገጾች እርስ በርስ ተጣበቁ። ካፖርቱን ሦስት ጊዜ ልጥለው አውጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ይዤው ተመለስኩ። አንድ ጊዜ ሸለቆው አፍ ላይ ቆሜ በሁለት እጄ ከፍ አድርጌው ሳለ ከኋላዬ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞር ስል የጫካ ቡና ዛፉ ብቻ ነበር፤ ቅጠሉ ውሃ ያንጠባጥባል። ባልደረባዬ መስሎኝ ተጣራሁ፤ ባልደረባዬ ጎጆው ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ስልክ የሚሠራው እሑድ እሑድ ኮረብታው ላይ ስወጣ ነው። እናቴ ስለ ካፖርቱ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ እደውላለሁ። አንድም ቀን አላነሳችውም። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ጎረቤት ላም ታወራኛለች። በሐምሌ ማብቂያ ላይ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ደከም ያለ ግን የቀለለ ነበር፣ ከባድ ሸክም ካወረደች በኋላ እንደምትናገረው። ተሳካልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ያን ሰሞን ነው አንድ ሽማግሌ ወደ ጎጆው የመጡት። አብረውት ንብ ያነቡ የነበሩ የአባቴ ባልንጀራ ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ሻይ ሰጠኋቸው፤ ፉት አሉና፣ ስለ ዝናቡ በሚናገሩበት ድምፅ፣ "አባትሽን አየሁት" አሉኝ።

"የት?" አልኳቸው።

"ከቦንጋ በሚያመጣው መንገድ። ያለፈው ረቡዕ፣ ወደ ማምሻው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ላይ ይወጣል። በሸሚዝ ነው፣ ዝናቡ ይወርድበታል። 'ወንድሜ፣ ካፖርትህስ?' አልኩት። 'ሄጄ ነበር፤ ቦታው የለም' አለኝ። አልዞረም።"

"ዓይንዎ ነው፣ አባባ። ጭጋግም ነበረ" አልኳቸው።

"ይሆናል" አሉና ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ።

ካፖርቱን ስለመውሰዴ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ሽማግሌው ከዓይን ሲርቁ ሻንጣዬን ከፈትኩ። ሹራቡ እርጥብ፣ ካልሲው እርጥብ፣ ፎጣው ሻጋታ ሸቷል። ከሁሉም ሥር ካፖርቱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ እንደዋለ እህል ደርቆ ነበር። በእጄ ስነካው ሙቀት ነበረው። ዘጠኝ ክረምት ደረቅ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ የራሰ ጨርቅ፣ ውሃ በሚያድርበት ጎጆ ደርቆ አገኘሁት። ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ ልጥለው አልሞከርኩም፤ የእናቴን አመድ ግን ለጉንዳን ሳይሆን በሻንጣው ዙሪያ ነሰነስኩት።

በመስከረም መጨረሻ ቦንጋ ስገባ ሚኒባሱ መውረጃ ላይ ሁለት ጎረቤቶቻችን ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ ጡረተኛው መምህርና ባለቤታቸው። ከጫካ ስመለስ ማንም ተቀብሎኝ አያውቅም። ቤታቸው ወስደው አስቀመጡኝ። እትዬ ትከሻዬን ያዙ፤ መርዶ መሆኑን ያኔ አወቅኩ። የሞተችው እናቴ መሰለችኝ።

"እናትሽ ደኅና ናት" አሉ ጋሼ ቶሎ ብለው። "አባትሽ ነው፣ ልጄ። አርፏል። ለቅሶውን በሐምሌ ተቀምጠናል። በስልክ አይነገርም ብለን ነው፤ ጫካ ውስጥ፣ ብቻሽን ሆነሽ።"

"ሬሳው ተገኘ?"

"አልተገኘም። እድሩም ሬሳ ለሌለው ድንኳን አንተክልም ብሎ አንገራግሮ ነበር። እናትሽ ግን መጥቶ ነበር አለች። ብንሄድ እውነትም ካፖርቱ ከሚስማሩ ላይ የለም። ዘጠኝ ዓመት ያየነው ካፖርት! ምን እንበል? ተከልን።"

አለቀስኩ። እነሱ ለአባቴ መሰላቸው፤ ለእሱም ነበር። ሻንጣው ግን እግሬ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ እኔ በሰረቅሁት ካፖርት አንድ ሰፈር ሙሉ ለቅሶ ተቀምጧል።

ቤት ስደርስ እናቴ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተችልኝ። ፊቷ ከስቷል፤ ዓይኗ ግን ደጅ ደጁን አያይም። ተቃቅፈን አለቀስን። ሲበቃን ወደ ሻንጣዬ እጇን ዘረጋች፤ "ልብስሽን አምጪ፣ ልጠብልሽ።"

ልዋሽ እችል ነበር። ሻንጣውን ይዤ ወንዝ ልውረድ ብላት አትከለክለኝም። እሷ ፊት ግን አልቻልኩም፤ ተቀመጥኩ። "እማዬ፣ ካፖርቱን እኔ ነኝ የወሰድኩት" አልኳት።

"አውቃለሁ። ጓሮ ቆሜ በመስኮት አየሁሽ።"

"ታዲያ ለምን መጥቶ ወሰደው አልሽ?"

"ወሰደው አላልኩም። መጣ ነው ያልኩት። ወሰደው ያሉት እነሱ ናቸው።" አጠገቤ ተቀመጠች። "ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አንድ ረቡዕ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ዝናብ ይጥላል፤ እኔ ባቄላ እፈለፍላለሁ። በሩን ከፍቶ ገባና ሚስማሩ ሥር ቆመ። ያንቺን ሹራብ እጅጌውን ዳበሰ፤ ተወው። ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል። ጠራሁት። አልዞረም። በገባበት ወጣ።"

ሽማግሌው የነገሩኝ ረቡዕ ያው ረቡዕ ነበር።

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚመጣው ወደ እኔ ይመስለኝ ነበር" አለች። "ለካ በርዶት ኖሯል። ለካፖርቱ ነው የሚመጣው፤ ለብሶት ይቆይና መልሶ ይሰቅለዋል። በሕይወት ቢኖር ይዞርልኝ ነበር። ያኔ አለቀስኩለት።"

ሽማግሌው ያሉትን ነገርኳት። "ቦታው የለም" ያለውን ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ተነስታ ካፖርቱን ከሻንጣው አወጣች፤ ትከሻውን፣ እጅጌውን፣ ኪሱን ዳበሰች። ደረቅ ነበር። "ያንቺን አውርጂው" አለችኝ። ሰማያዊ ሹራቤን ከሚስማሩ አወረድኩ። ከሰኔ ጀምሮ ደረቅ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ የኖረ ሹራብ ነው፤ ቀኝ እጅጌው እርጥብ ነበር። ጨመቅኩት፣ ውሃ ወረደ። ዝናብ የምለካ ሰው ነኝ፤ ያን ውሃ ግን አልለካሁትም።

"ነገ ማንኪራ እንወስድለታለን" አለች እናቴ። "ገመዱ የተገኘበት ዛፍ ሥር። ወረቀትሽን አምጪ።"

አመጣሁ። እሷ እየጠራች እኔ ጻፍኩ፤ ካፖርት። ሁለት ካልሲ። ወፍራም ሹራብ። ከምድጃው ዛቀችና ቆርቆሮውን አመድ ሞላችው። "ጉንዳኑ ያስቸግረዋል" አለች። ጻፍኩ። ሁሉንም በፌስታል፣ ፌስታሉን በላስቲክ ጠቀለልን፤ እያንዳንዱ ሲገባ ሰረዝኩ።

"እዚህስ ምን ይተዋል?" አልኳት፤ ደንቡን አስቤ።

መጥረቢያውን አመጣችና በጀርባው ሚስማሩን ከግድግዳው እያወዛወዘች ነቀለችው። ዝገቱን በቀሚሷ ጠረገች።

"ጫካ ውስጥ የሚሰቅልበት የለውም" አለች። "ይህንንም ጻፊ።"

ሚስማር ብዬ ጻፍኩ። ጥቅሉን ፈትታ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ እኔም ሰረዝኩት።