አርብ የማይቀየር መስሎኝ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት... አርብ ገበያ ከተማ፣ የስብሰባ አዳራሹ በር ላይ ወዲህ ወዲያ እላለሁ። መቀመጥ አቃተኝ። ስድስት ወር የለፋሁበት ሶፍትዌር የሚገመገመው ያን ቀን ነው። ካለፈ ወረዳው ይረከበዋል፤ ከወደቀ ልፋቴን ውኃ በላው።

ሥራው ቀላል ነው። ለገበሬው «ለገበያ ስትመጣ ከብትህን ለክትባት ይዘህ ና» የሚል መልእክት በስልክ ይልካል። ለከታቢዎቹም መድኃኒቱን በበረዶ ሳጥን ይዘው የሚወጡበትን ቀን ይነግራል።

ገምጋሚዋ ከደብረ ታቦር የመጣች ባለሙያ ናት። የስክሪኑን ማማር ከቁብም አልቆጠረችው። የኮዱን አወቃቀር ነው የያዘችው።

«አዲስ ቀበሌ ቢጨመር ስንት ቦታ ትነካካለህ?»

«አንድ ቦታ!»

«አዲስ ክትባት ቢመጣስ?»

«አንድ ቦታ!» አፌ ደፋር ነው።

«የገበያው ቀን ቢቀየርስ?»

ሳቅሁ... አዎ፣ ሳቅሁባት። «እህቴ፣ የከተማው ስም እኮ አርብ ገበያ ነው! አርብ ምን ሆኖ ይቀየራል?» አዳራሹም አብሮኝ ሳቀ።

የገበሬዎች ተወካይ ሆነው ከኋላ የተቀመጡት አያ መኮንን ግን አልሳቁም።

«ልጄ፣ ስቅለት ሲሆንስ?»

ወደ ኋላ ዞርኩ።

«የስቅለት ለት ገበያ ይቆማል እንዴ? ሐሙስ አይደል የምንገበያየው? እኔ ስሰግድ ከታቢዎቹ ልጆች ባዶ የከብት ተራ ላይ መድኃኒት ታቅፈው በረዶው ሲቀልጥ ሊውሉ ነው? ይሄ ሶፍትዌርህ ክርስትና አልተነሣም?»

አፈርኩ። የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ስቅለትን ስሰግድ ነው ያደግሁት። ስቅለት ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው!

ባለሙያዋ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ «ስንት ቦታ ትነካካለህ?» አለችኝ።

ኮዱን ከፍቼ አርብን የጻፍኩበትን ቦታ ሁሉ አስቆጠርኩ። ቁጥሩን ሳየው ላብ አጠመቀኝ።

«አርባ... አርባ አንድ።»

አያ መኮንን አማተቡ። «አርባ አንዱ እግዚኦታ ሙሉ ነው!»

አሁን የሳቀው አዳራሹ ብቻ ነው። ባለሙያዋ ወረቀቷን ሰበሰበች። «ከስቅለት በፊት አርባ አንዱን አንድ ቦታ አድርገህ አምጣ። ያለዚያ አንረከብም።»

ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወንበሬ እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ነው። ሃያ ስድስቱን ነቅያለሁ። አንዱን ስነካ ሌላው ይፈርሳል፤ በፈረሰ ቁጥር «እግዚኦ» እላለሁ።

አገሩ አርብ ይሰግዳል... እኔ አርብን ለመንቀል ከሰኞ ጀምሬ እየሰገድኩ ነው።