ስምንት ሰከንድ ሳይነሡ መቀመጥ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ የአንድ የባንክ ሠራተኛን አንገት በብረት መያዝ ነበር። ቦታው ቶሮንቶ ሐይቁ ዳር፣ ሰው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ልብስ፣ በዚያው ዘመን ዘዴ ፎቶ የሚነሣበት ትንሽ ስቱዲዮ ነው። አለቃዬ ዴሪክ «አጥብቀው፤ ግን አታንቀው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በወሰድኳቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ይህን ያህል ግልጽ መመሪያ አላገኘሁም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቁር ቆርቆሮ ላይ ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይፈስሳል። ቆርቆሮው ጨለማ ክፍል ውስጥ በብር ኬሚካል ተነክሮ፣ እርጥብ እንዳለ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ከደረቀ አበቃ። የሌንሱ ክዳን ተነሥቶ እስከ ስምንት ይቆጠራል። በዚያ መሀል የተንቀሳቀሰ ሰው ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ አንገት የሚይዘው ብረት ለዚህ ነው።

የዚያ ዘመን ሰዎች ፎቶ ላይ የማይስቁት ክብራቸውን ጠብቀው ነው የሚል ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊዎቹ አንገታቸውን በብረት አስይዘው አያውቁም።

ማዕረጋችን ሦስት ነው፦ አንገት ያዥ፣ ቆርቆሮ ነካሪ፣ ክዳን አንሺ። ሦስተኛው ላይ ለመድረስ አራት በጋ ፈጀብኝ። በአምስተኛው በጋ ሁለት የቡድን ፎቶ አበላሸሁ፤ አንዱን በውሻ፣ አንዱን በንብ ምክንያት። ዴሪክ «አንድ ቡድን ደግመህ ብታበላሽ ወደ አንገት ትመለሳለህ» አለኝ።

ቀጣዩ ቡድን ከስካርቦሮ ሰፈር የመጡ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሆነ። ደስ አለኝ። በዕድሜ የገፋ ያገሬ ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ለፓስፖርት የሚነሣ ይመስላል፤ ብረት አያስፈልገውም። ለዴሪክም ይህንኑ ጉራዬን ነዛሁ።

ልብሶቻችን ለማንም እንዲሆኑ ከኋላ ክፍት ናቸው። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ወይዘሮ አልማዝ፣ ቀሚሱን ገልብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ከኋላ ክፍት ነው እንዴ?»

«እትዬ፣ ካሜራው የሚያየው ከፊት ብቻ ነው።»

«ጌታስ?»

ክፍቱን በመርፌ ቁልፍ ያዝኩላቸው።

ዐሥራ አንድ ሆነው ተቀመጡ። ዐሥራ ሁለተኛው፣ የሁሉም ታላቅ፣ ጋሽ መኮንን ነበሩ። ሌሎቹ «ፓርክ እያደረጉ ነው፤ አንተ ጀምር፣ ሲመጡ ዳር ይቆማሉ» አሉኝ። ቆርቆሮውን ነከርኩ። ክዳኑን አነሣሁ። ሦስት ላይ ስደርስ ጋሽ መኮንን በከዘራቸው ገቡ።

«ኖር!» ዐሥሩ ባንዴ ተነሡ።

«በእግዚአብሔር! አትነሡ፣ አትነሡ!» አሉ ጋሽ መኮንን።

ቆርቆሮው ታጥቦ ሲወጣ ዐሥር ጭስ ባርኔጣ አድርጎ ቆሟል። መሀላቸው፣ እስከ ሸሚዙ ቁልፍ ጥርት ብሎ፣ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠ አንድ ሰው አለ። የቡድኑ ታናሽ አቶ ግርማ ነው።

ወይዘሮ አልማዝ ቆርቆሮውን አስጠጉት። «ግርማ፣ አልተነሣህም?»

«አትንቀሳቀሱ ተባልን እኮ!»

«እኛስ አልተባልንም?»

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «ተዉት፤ ልጁ ደክሞት ይሆናል።» ግርማ ሁለት የልጅ ልጆች አሉት። ፊቱ ቀላ።

«ወንድሜ፣ አንተ ንገራቸው እንጂ!» አለኝ።

ዴሪክም መጥቶ «ማን ነው ያበላሸው?» አለ።

ዐሥሩን ብወነጅል ማዕረጌ ይተርፍ ነበር። ግን እኔም ብሆን እነሣ ነበር። «ግርማ የተባለውን ነው ያደረገው፤ እነሱም ያደረጉት ልክ ነው» አልኩ። «ሁሉም ሳይሟሉ ቆርቆሮውን የነከርኩት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ወደ አንገት ተመለስኩ።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ፦ የመጨረሻው ሽማግሌ መኪናቸውን አቁመው፣ ገብተው፣ ተነሥቶላቸው እስኪቀመጡ ድረስ ቆርቆሮ አትንከሩ።