ሲገባ የታየ ማር

የደሎ መና ማር ሽታ ዛሬም አፍንጫዬን ሲነካው ምራቄ አይመጣም፤ ዓይኔ ነው ማን አመጣው ብሎ ወደ በር የሚሄደው። ጎባ ውስጥ ዳኛ ቤት ያደገ ልጅ ጣፋጭ ነገር እንደ ሰው ልጅ አይበላም። ደጃችን ሲንኳኳ እኛ ልጆች የእንግዳውን ፊት ትተን እጁን እናይ ነበር፤ በዓል ሲደርስ ዶሮ አንጠልጥሎ የመጣ ዘመድ እንኳ ክስ ይኑረው አይኑረው ሳይጠየቅ አይቀመጥም ነበር። አባቴ ዳኛ ቤት ከሚገባ ዕቃ ኋላ ሁልጊዜ ሰው አለ ይል ነበር፤ እኔም አምኜው አደግሁ።

ሳይጠረጠሩ የሚገቡት አዴ ሃሊማ ብቻ ነበሩ። ጎረቤታችንና የእናቴ የልብ ጓደኛ ናቸው፤ እናቴ እኔን ወልዳ በታመመች ጊዜ ያጠቡኝም እሳቸው ናቸው። አንድ ክረምት፣ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ እናቴን በሳል አልጋ ላይ ሲያውላት፣ አዴ ሃሊማ ማር የሞላ ቢጫ ጀሪካን ይዘው፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ሰላም እያሉ በጠራራ ቀን መጡ። አባቴ ከማን እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ወንድሜ ከደሎ መና ልኮልኝ ነው፣ ለሳሏ ይሆናታል ብዬ» አሉ።

የወንድማቸውን ስም ጠየቀ፤ ነገሩት። እንደወጡ ለእናቴ ነገራት፤ ወንድማቸው በቡና መሬት ክርክር ይግባኝ ብሎ አባቴ ችሎት ቀርቧል፣ ማሩ ዛሬውኑ ይመለስ። እናቴ አለቀሰች። ማሩ ለሳል ይሁን ለመሬት፣ አዴ ሃሊማ ጉዳዩን ይወቁ አይወቁ፣ ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል? መጠየቁ ራሱ ስድብ ነው። ዝናቡ ሰውን ሁሉ ቤቱ ሲያስገባ፣ እናቴ እያሳለች ተነስታ፣ ጓደኛዋ ሰው ፊት እንዳታፍር ጀሪካኑን ጋቢዋ ስር ሸሽጋ በጓሮ በር መለሰችው። አዴ ሃሊማ ተቀብለው በሩን ዘጉ፤ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጡም። እናቴ አባቴን ከጉዳዩ እንዲነሳ ብትለምነው፣ ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱ ደግሞ ሃሊማ ናት ብሎ እምቢ አለ።

ገብሱ ሲታጨድ ፍርዱ ተሰጠና ወንድምየው ረታ። ፍርዱን ካደግሁ በኋላ ፈልጌ አንብቤዋለሁ፤ አንዲት ነቅ የለበትም። ከተማው ግን ማር እንጂ ፍርድ አላነበበም። ሲገባ ሰፈሩ በሙሉ አይቶታል፣ ሲወጣ ያየው የለም። አባቴ በገበያ ሲያልፍ ወሬ ይቋረጥ ጀመር፤ እኔንም ትምህርት ቤት «ማሪቱ» ይሉኝ ነበር፤ እንዴት እንደሚያናድድ!

በጋው ሲገባ እናቴ መቻል አቃታት። ሰው እያየኝ ነበር መመለስ የነበረብኝ፣ አሁንም ወጥቼ ልናገር አለችው።

«ብትናገሪ ሴትየዋን ጉቦ ሰጪ አልሽ ማለት ነው» አላት። «ቃሏን ማን ሰማ? ቃሏ ሳይሰማ አይፈረድባትም።»

በዚያው የጉቦኛ ስም ጡረታ ወጣ፣ በዚያው ስም ተቀበረ። በቀብሩ ቀን አዴ ሃሊማ መጥተው ደጅ ቆመው አለቀሱ፤ እኔ ክፉዋ ደግሞ ለአባቴ ነው ወይስ ለጥፋታቸው እያልኩ ፊታቸውን ስመረምር ነበር። አላወቅሁም፣ አሁንም አላውቅም።

ዛሬ ሮቤ ላይ እኔም ዳኛ ነኝ። ስጦታ ይዞ የመጣን ሰው በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ጎረቤት እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በጠራራ ፀሐይ እመልሰዋለሁ። ሰሞኑን አንዲት አሮጊት በነጠላቸው ጫፍ እንቁላል ቋጥረው መጥተው እንዲሁ መለስኳቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ ሰፈሩ ቆሞ አያቸው። ለምን እንደመጡ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ስሜ ንጹሕ ነው፣ ማሪቱ የሚለኝ የለም። በአባቴ ቤት ግን ቃሉ ሳይሰማ የተፈረደበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አባቴ ነው።